በቀን ብርሃን ብቻ

ሚደቅሳ ወረቀቱን ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዶክተር መቅደላዊት ያንን እጅ ታውቀዋለች። ስድሳ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቶን ብረት ቀስ አድርጎ መሬት የሚያስነካ የክሬን ኦፕሬተር እጅ ነው። ሲንቀጠቀጥ አይታው አታውቅም።

«አንብቢው» አላት።

አነበበችው። የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት። ስም፣ ዕድሜ አርባ አንድ፣ ከታች «ብቁ» የሚል ቃል፣ ፊርማና ማኅተም። ያለዚህ ወረቀት የንግድ አብራሪነት ሥልጠና የሚባል ነገር የለም። ከዚህ ወረቀት ጋር ግን ሚደቅሳ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የአብራሪነት ተማሪ ነው።

«ሚዱ!» ብላ ከወንበሯ ዘልላ ተነሳች። በሩ ላይ የቆመችው ነርሷ ቢፍቱ እልል ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ ውጭ የተቀመጡት ታካሚዎች ትዝ አሏትና በመዳፏ ከደነችው። ሦስቱም ሳቁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከክሊኒኩ መስኮት ሥር የሜክሲኮ አደባባይ ታክሲዎች ይጮሃሉ። መቅደላዊት እንዲሄድባት አልፈለገችም፤ ትንሽ የምታቆይበት ሰበብ ፈለገች።

«የቀለሙን መጽሐፍ አስነበቡህ?»

«በአንድ ትንፋሽ ነው የተወጣሁት።»

«እስቲ ለእኔም አንብብልኝ። የዓይን ሐኪም ነኝ፤ ሌላ ሐኪም ብቁ ነው ስላለ አላምንም» አለችና መሳቢያዋን ስባ መጽሐፉን አወጣች። በባለቀለም ነጠብጣቦች መሐል ቁጥር የተደበቀበት፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው የሚታወቅበት መጽሐፍ ነው። ከማርጀቱ የተነሳ ባለፈው ሳምንት ገጾቹ ረግፈው ቢፍቱ በሙጫ ለጥፋዋለች። የመጀመሪያው ገጽ ቦታው ላይ ነው። ሌሎቹን እጇ ላይ እንደመጣላት ነው የደረደረቻቸው።

መቅደላዊት የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች።

«አሥራ ሁለት» አለ። ልክ ነው። ያንን ማንም ሰው ያነበዋል።

ሁለተኛውን ገለጠች። «ስምንት።»

ገጹ ላይ ያለው ቁጥር አርባ አምስት ነበር። ቀና ብላ አየችው። ፈገግ እንዳለ ነው። ሦስተኛውን ገለጠች። «ስድስት» አለ፣ እሷ ገና ጣቷን ሳታነሳ። ገጹ ላይ ያለው ሰባት ነው።

«እየቀለድክ ነው እንዴ?»

«ምን አጠፋሁ?»

አራተኛውን ገለጠች። ሰባ አራት የሚለው ቁጥር እንደ እሳት ፍም ጎልቶ ይታያታል። ሚደቅሳ ገጹን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ «ጎበዝ» መባልን እንደሚጠብቅ ተማሪ፣ «ሃያ ዘጠኝ» አለ።

መቅደላዊት መጽሐፉን ዘጋችው። አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ። የመጽሐፉ ትክክለኛ ተራ ነው። ገጾቹ ባይዘበራረቁ ኖሮ አንድም ባልሳተ።

«ቢፍቱ፣ በሩን ዝጊልን እባክሽ።»

በሩ ተዘጋ። ሚደቅሳ ፊቷን አየ፤ ከዚያ መጽሐፉን አየ፤ ከዚያ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«በቃልህ ነው ያጠናኸው» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ቁጥሮቹን አታያቸውም።»

«አሥር ዓመቴ ላይ ነው ያወቅኩት። እማዬ ተክለ ሃይማኖት ቲማቲም ግዛ ብላ ላከችኝ፤ ግማሹን ጥሬ ይዤ ገባሁ። ይሄ ልጅ ያሾፍብኛል እንዴ ብላ ተቆጣች። እያሾፍኩ አልነበረም መቅዲ። ለእኔ አንድ ዓይነት ነበር።»

«ለማንም አልተናገርክም?»

«ለማን? ክሬን ላይ ቀለም ምን ያደርጋል? ኢፋ ከታች በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፤ በሬዲዮ ያወራኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ላይ አንዲት ጠጠር ጥዬ አላውቅም። መጽሐፉን ስልኬ ላይ አገኘሁት። በምሳ ሰዓት፣ እዚያ ላይ ብቻዬን ሆኜ፣ እንደ ዳዊት ደገምኩት።»

ሁለት ዓመት። የሰው ዓይን ስታይ የምትውል ሴት ሁለት ዓመት አብራው ስትሄድ አላየችም። ሸሚዝ ሲገዛ «አንቺ ምረጪልኝ» የሚላት ፍቅር መስሏት ነበር። መብራት ሲሻገሩ ሰዉ እስኪንቀሳቀስ የሚጠብቀው ጨዋነት መስሏት ነበር።

«ሬዲዮው ቢበላሽብህ» አለች፤ «የአየር ማረፊያው ማማ ላይ ያለው ሰው በመብራት ነው የሚነግርህ። አረንጓዴ ከሆነ ውረድ ማለት ነው። ቀይ ከሆነ አትውረድ፣ ሌላ አውሮፕላን አለ ማለት ነው። ከኋላህ ሰባ ሰው ተቀምጧል። የቱ ነው የበራው ትላለህ?»

«ሬዲዮ ስንት ጊዜ ይበላሻል?»

«አንድ ጊዜ!» ብላ ጮኸች። ውጭ ያሉት ሰዎች ጸጥ ሲሉ ተሰማት።

ሚደቅሳ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። «እሁድ ሽማግሌ ይመጣል» አለ ቀስ ብሎ። «አባትሽ እሺ ያሉት አብራሪ መስያቸው ነው። ክሬን ነጂ በራቸውን እንዲያንኳኳ አይፈቅዱም። ታጋልጪኛለሽ?»

መልሷንም አልጠበቀም። ወጥቶ ሄደ። መቅደላዊት መጽሐፉን እንደያዘች ቀረች። የሚያስደነግጣት ውሸቱ ብቻ አልነበረም። «አላጋልጥህም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደነበረም አወቀች።

* * *

የተዋወቁት በዓይኑ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የብየዳ ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ፣ ጓደኛው ኢፋ እጁን ይዞ እየመራ ክሊኒኳ አመጣው። ብናኙን ስታወጣለት አንዴም አልተርገበገበም። በማግስቱ ለምርመራ ሲመጣ ከጌጃ ሰፈር ትኩስ ዳቦ ይዞላት መጣ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ድኖ ነበር፤ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም።

አባቷ አቶ ገብረጊዮርጊስ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አያታቸው ያሠሩት የድንጋይ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና አንድ ልጃቸው ብቻ ናቸው። መቅደላዊት ስለ ሚደቅሳ የነገረቻቸው ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ምን ይሠራል?»

«ክሬን ኦፕሬተር ነው አባዬ።»

«ክሬን ነጂ» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ጋዜጣቸውን ማንበብ ቀጠሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን አላነሱም።

ሚደቅሳ አንድ ቀን «መብረር እፈልጋለሁ» ሲላት ግን ሳቀች እንጂ አልገረማትም። ሥራ የሚውለው ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ሆዳቸው በሚታይበት ከፍታ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ሰዓት ያውቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያያቸው ኖሯል። ወዳጅ ዘመድ ጠይቃ፣ ብዙ አብራሪዎች ያሠለጠኑ ካፒቴን ቢላል የሚባሉ ጡረተኛ አገኘችለትና ሦስቱም ሜክሲኮ አንድ ኬክ ቤት ተቀመጡ።

ካፒቴን ቢላል በሶፍት ወረቀት ላይ መሰላል የመሰለ ነገር ሣሉ።

«ታች ያለው የግል አብራሪ ፈቃድ ነው» አሉ። «ለራስህ ትበርበታለህ። ወዳጅህን ይዘህ ትወጣለህ፤ ግን አንድ ሳንቲም አትቀበልበትም። ከላዩ የንግዱ ነው፤ እሱ እንጀራ ይሆናል። የንግዱን ስትይዝ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረር፣ ባለ ሁለት ሞተር ማብረር፣ ሌላም ሌላም ይጨመርበታል። ማስተማር ካማረህ ለእሱም ፈቃድ አለው። መሬት ቆሜ ድሮን ላብርር ብትልም የራሱ አለው።»

«በአርባ አንድ ዓመቴ ረፍዶብኛል?»

«ለግሉ አይረፍድም። ለአየር መንገድ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር ነው የምትሰለፈው። ተቀጥረህ፣ ረዳት ሆነህ፣ ግራ፣ የካፒቴኑ ወንበር ላይ እስክትቀመጥ ጡረታህ በር ላይ ይደርሳል። እኔ የማውቃቸው በዕድሜ ገፍተው የጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ የግሉን ይዘው፣ ቅዳሜና እሁድ እየበረሩ፣ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።» ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ለምንድን ነው መብረር የፈለግከው?»

ሚደቅሳ ወደ መቅደላዊት ዞር ብሎ አየ። ያ እይታ ረጅም ነበር።

«ለሥራ» አለ። «የንግዱን ነው የምፈልገው።»

ካፒቴን ቢላል ትከሻቸውን ሰበቁ። መቅደላዊት በዚያ ሰዓት ደስታ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማትም። ማታውኑ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አብራሪ?» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ ጋዜጣውን ወደ ጎን አድርገው። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

አሁን፣ አርብ ጠዋት፣ ያ ኬክ ቤት ውስጥ ያየችው እይታ ምን ሊል እንደነበር ገባት። ሲገባት ደግሞ በድንጋጤ ላይ ሐዘን ተጨመረባት። በታካሚና በታካሚ መሐል በምታገኘው ደቂቃ፣ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ጻፈችለት።

«ሚዱ፣

ድምፅህን ከሰማሁ እሸነፋለሁ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ትናንት ታጋልጪኛለሽ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። መልሴ አዎ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ አንተ ራስህ ሄደህ ለመረመረህ ሐኪም ተናገር። ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ። የማያውቁህ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ከኋላህ ይቀመጣሉ፤ እነሱ የማያውቁትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ካፒቴን ሁንልኝ ብዬህ አላውቅም። ብዬህ ከሆነ፣ ሳላውቀው በፊቴ፣ በዝምታዬ፣ አባዬ ክሬን ነጂ ሲሉህ አንገቴን በመድፋቴ ብዬህ ከሆነ፣ ይቅር በለኝ። እኔ የወደድኩት ብናኝ ሲወጣለት ያልተርገበገበውን ሰው ነው።

ከተናደድክብኝ ተናደድ። ዝም ብለህ ግን አትብረር።

መቅዲ»

በምሳ ሰዓት ነጭ ጋውንዋን ሳታወልቅ ወደ ግንባታው ቦታ ሄደች። ኢፋ በሩ ላይ አገኛት። ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። ደብዳቤውን ምሳ በሚወጣበት ዘንቢል ውስጥ አድርጎ ገመዱን ነቀነቀው። ዘንቢሉ በግንቡ ጥግ፣ በፎቅ ላይ ፎቅ እያለፈ፣ እስኪያንስ ድረስ አየችው።

የክሬኑ ክንድ ቆመ። አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ። ሠራተኞቹ ከታች ያፏጩ ጀመር። ኢፋ ሬዲዮውን አፉ ላይ አድርጎ «ሚደቅሳ፣ ይሰማል?» አለ። መልስ የለም። ከዚያ ክንዱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ፤ ከላይ ግን ማንም ብቅ ብሎ ወደ ታች አላያትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ላይ አጭር መልእክት ገባ። «እሁድ በአራት ሰዓት ሽማግሌዎቼ ይመጣሉ። ከቤት አትጥፊ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስለ ደብዳቤዋ አንድ ቃል የለም። ሊቀጥልበት ነው። በውሸቱ ላይ ሠርግ ሊያቆምበት ነው! ለሁለት ዓመት አውቀዋለሁ ያለችው ሰው በአንድ መስመር ጽሑፍ የማታውቀው ሰው ሆነባት።

* * *

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። ለመርማሪው ሐኪም የሚሰጥ ደብዳቤ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ሰኞ ጠዋት እንድትወስደው ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠች። አባቷ ሳሎኑን ሲያስጠርጉ፣ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ሶፋ ራሳቸው ሲገፉ አየቻቸው። ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄደች። ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እስከ ሰኞ ብላ ቃል ሰጥታዋለች።

እሁድ በአራት ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ።

በደንቡ የምትጠየቅ ልጅ ሳሎን አትገኝም። መቅደላዊት የመኝታ ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ገቡ። ከፊት ያሉት የሚደቅሳ የጌጃ ሰፈር ጎረቤት ጋሽ ወልደ ሚካኤል ናቸው። ከሦስቱ ኋላ ግን አራተኛ ሰው ገባ። እሷም አባቷም እኩል ደነገጡ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይመጣም።

ሚደቅሳ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ ግራ በመጋባት።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል እንደ ወጉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊቀጥሉ ሲሉ ሚደቅሳ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእርስዎ በፊት እኔ ልናገር። እናንተም የማታውቁት ነገር ነው።» ወደ አባቷ ዞረ። «ጌታዬ፣ እኔ አብራሪ አልሆንም።»

ሚደቅሳ የአባቷን ዓይን እያየ ቀጠለ።

«ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። የዓይን ፈተናውን ያለፍኩት ሸምድጄ ነው። ትናንት ጠዋት የመረመሩኝ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱንም መለስኩ።»

«ምን አልክ አንተ ልጅ?» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በድንጋጤ ምርኩዙን ጣለው። መቅደላዊት የበሩን እጀታ ይዛ ቀረች። ትናንት ጠዋት። እሷ የክሱን ደብዳቤ ስትጽፍ እሱ እዚያ ቆሞ ነበር።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ችሎት ላይ የነበረው ድምፅ ሆነ።

«ማን ደረሰብህ?»

«ልጅዎ።»

«ከሰሰችህ?»

«አልከሰሰችኝም። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠችኝ።»

«ዛሬ ገና እሁድ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ አንተ ነገ ብትናገር ኖሮ ማን ይከለክልህ ነበር?»

«ማንም። ግን ዛሬ እሺ ካሉኝ በኋላ ነገ ብናገር፣ እሺ ያሉት እኔን አይሆንም ነበር።»

«ሐኪሙ ምን አሉህ?»

«ተቆጡኝ። እንደገና በመብራት ፈተኑኝ፤ ወደቅኩ። ለንግድ ፈቃድ መቼም አልበቃም። ሁለተኛ ደረጃውን የጤና ወረቀት ጠይቅ፣ መዋሸትህ ግን ፋይልህ ላይ ይጻፋል፣ ውሳኔውም የእኔ አይደለም አሉኝ። ቢፈቀድልኝ የማገኘው የግል ፈቃድ ነው። እሱም በቀን ብርሃን ብቻ።»

«ሥራ የማትሠራበት ፈቃድ ምን ያደርግልሃል?»

«መብረር ነበር የፈለግኩት ጌታዬ። ሌላ ነገር አልፈለግኩም። ካፒቴን መባል ያማረኝ እዚህ በር ላይ ስደርስ ነው።»

መቅደላዊት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እና አሁን ሥራ የለህም?»

«መልቀቂያ አስገብቼ ነበር። ትናንት መልሼ ወሰድኩት። ነገ ጠዋት ክሬኔ ላይ ነኝ።»

አቶ ገብረጊዮርጊስ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በላይ፣ ወደ ሜክሲኮ በኩል፣ የአንድ ክሬን ረጅም ክንድ ሰማዩ ላይ ተዘርግቷል።

«ያ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከዚያ ሆነህ የእኔ ግቢ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«ምን ታያለህ?»

ሚደቅሳ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወለሉን አየ። የሚናገረው ነገር እንደከበደው ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበር ያወጣሉ» አለ። «ሁለት ነው የሚያወጡት። አንዱ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ እንግዳ ይጠብቃሉ ብዬ አስቤ ነበር፤ ማንም አይመጣም። ፀሐይዋ ስትዞር ሁለቱንም ወንበር ያዞሯቸዋል። ከዚያ አንድ በአንድ መልሰው ያስገቧቸዋል።»

መቅደላዊት በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ክሊኒኳ ትወጣለች፤ እሁድም በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለተኛውን ወንበር አይታው አታውቅም። እናቷ በሕይወት ሳለች ጠዋት ጠዋት ከአባቷ ጋር ፀሐይ ይሞቁ እንደነበር ታውቃለች፤ አባቷ ያንን ወንበር አራት ዓመት ሙሉ ባዶውን እንደሚያወጡት ግን አላወቀችም።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አላዞሩም። በጓዳው በኩል አልፈው በኋላው በር ወጡ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ተሰማ።

«አለቀ» አለ አንደኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉ። «ልጄ፣ ምነው ይህን ባልተናገርክ! ሰውየውን እኮ አስለቀስካቸው» አሉት። ሚደቅሳ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

መቅደላዊት በሩን ከፈተችና ወደ ሳሎኑ ወጣች። ሽማግሌዎቹ እንዳፈጠጡባት እያወቀች ክፍሉን አቋርጣ አጠገቡ ቆመች።

«አርብ ማታ ልትቀጥልበት መስሎኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «በውሸቱ ልትቀጥል።»

«አውቃለሁ። እሄዳለሁ ብዬሽ፣ ቅዳሜ የሐኪሙ በር ላይ ስደርስ እግሬ ቢመለስስ ብዬ ነው። ፈርቼ ነበር መቅዲ።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ደብዳቤ አለ። ነገ ልሰጥ ነበር። በስምህ።»

«ይሄንንም አውቃለሁ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «ባትጽፊው ኖሮ አንቺ አትሆኚም ነበር።»

በሽማግሌዎች ፊት መሆኑን ረስታ እጁን ያዘችው። አይንቀጠቀጥም። የምትንቀጠቀጠው እሷ ነበረች።

የኋላው በር ተከፈተ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ገቡ። በሁለት እጃቸው የብረት ወንበር ተሸክመዋል። ቀለሙ የተላላጠ፣ መቀመጫው ላይ የተጠለፈ ትራስ የታሰረበት የግቢ ወንበር ነው። ልጃቸው የክሬን ነጂውን እጅ ይዛ ሳሎን መሐል ቆማ ሲያዩ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ወንበሩን ሚደቅሳ ፊት አስቀመጡት።

«ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ» አሉ። «አንተም ተቀመጥ። ሠላሳ ዓመት ስዳኝ ሰው ማስረጃ ፊቱ እያስቀመጥኩለት ሲክድ ነው የኖርኩት። ማስረጃውን ራሱ ይዞ የመጣ አላውቅም።»

«ጌታዬ፣ ይህ ወንበር…» አለ ሚደቅሳ።

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተራ በተራ ተቀመጡ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሊናገሩት ያጠኑት ሁሉ ጠፍቶባቸው፣ «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ቆሙ።

«ጉዳዩን ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ። «መልሱን ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ። እስከዚያ ዘመድ አማክራለሁ። ለዘመድ የምነግረውም ልጄን የጠየቃት ክሬን ነጂ ነው ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መቅዲዬ፣ አንቺ አሁን እዚህ መገኘት የለብሽም። ወግ ነው።»

«እሺ አባዬ» አለች። ወደ መኝታ ቤቷ ግን አልተመለሰችም። በጓዳው አልፋ በኋላው በር ወጣች።

ግቢው ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንድ ወንበር ብቻውን ቀርቷል። ከውስጥ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማታል፤ አባቷ ስለ አውሮፕላን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ሚደቅሳ መለሰ፤ አንድ ሰው ሳቀ። ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከሐሙስ ጀምሮ ያልመጣላት እንባ መጣ፤ እሷም አልከለከለችውም። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ አለቀሰች።